ያረጀ የቅንጦት መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ኮምፒውተሩን ከመጠርጠር በፊት

ትናንት ማታ ያለ እንከን ሲሠራ ያመሸ መኪና ዛሬ ጠዋት አልነሣም ይላል። ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ይነሣል። በማግስቱ የፍሬን መቆጣጠሪያው የማስጠንቀቂያ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ይበራል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መኪናው በቆመበት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ የሄደበት ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ነው» ይለዋል። ኮምፒውተሩ በብዙ ገንዘብ ይቀየራል፤ ብልሽቱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ውድ የስፖርት መኪኖች ያሏቸው ሰዎች ይህን ታሪክ በአንድም በሌላም መልኩ ያውቁታል። በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ ችግር በአብዛኛው የሚነሣው ግን ከኮምፒውተሩ አይደለም። ከደከመ ባትሪ፣ ከዛገ ማያያዣ፣ ከተሰነጠቀ የሽቦ ልባስ እና ከላላ ግራውንድ ነው።

ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ የሚኾነው በፋብሪካ መለያው አር 129 ተብሎ የሚታወቀው የመርሰዲስ ቤንዝ ኤስ ኤል ነው። መኪናው እ.ኤ.አ በመጋቢት ወር 1989 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ቀረበ። ንድፉ የወጣው በብሩኖ ሳኮ መሪነት ነው። በጀርመን ብሬመን ከተማ እስከ 2001 ድረስ ሲመረት ቆይቶ በጠቅላላው 204 ሺህ 940 መኪኖች ወጥተዋል። የጨርቅ ጣራው በአንድ ቁልፍ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይከፈታል። መኪናው ሊገለበጥ ሲል ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የብረት ቅስት በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ተነሥቶ የተሳፋሪዎቹን ራስ ይከላከላል። መቀመጫው፣ መስተዋቱ፣ በሩ፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይታዘዛሉ። በዘመኑ ድንቅ የተባለው ይህ ሁሉ ነገር ዛሬ በእርጅና ላይ ያለ ሽቦ ኾኗል።

እንዲህ ያለው መኪና በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ብዙ አይታይም። የብልሽት ፍለጋው ሥርዓት ግን በአሮጌ ፒክአፕም ኾነ በእርሻ ትራክተር ላይ ያው ነው፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ እና ከብረቱ አካል ጋር የታሰረ ኔጌቲቭ ሽቦ በሁሉም ዘንድ አለና። ሀገሪቱ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ረጅም ጊዜ የማቆየት ጉዳይ የብዙ ባለቤቶች ጉዳይ ኾኗል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይኾን ከጥያቄ ነው። ብልሽቱ የሚከሠተው ሞተሩ ሲግል ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው? መኪናው ለሳምንት ከቆመ በኋላ ነው? ከብልሽቱ በፊት በመኪናው ላይ ምን ተሠራ? ራዲዮ ወይም ማንቂያ ደወል ተገጥሞ ነበር? ጠዋት ብቻ የሚታይ ችግር ወደ ባትሪውና ወደ እርጥበት ይጠቁማል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከኾነ ደግሞ ሙቀት የሚያበላሸውን ሽቦና ሪሌ ያስጠረጥራል። እነዚህን መልሶች በወረቀት ላይ ያሰፈረ ባለቤት ለባለሙያው ግማሽ ቀን ሥራ ይቆጥብለታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚለካው ባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ፣ ሙሉ የኾነ ባትሪ በመለኪያው (በተለምዶ ቴስተር በሚባለው) 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.4 ከኾነ ሩቡ ያህል ጎድሏል፤ ወደ 12.0 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ይህ ግን ያረፈ ባትሪ ልኬት ብቻ ነው። እውነተኛው ፈተና ሞተሩን ለማስነሣት ቁልፉ በሚዞርበት ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። በአር 129 ዓይነት መኪና ላይ ይህ መለኪያ ልዩ ትርጉም አለው። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚላላኩት መልእክት ይዛባል፤ ከኤሌክትሪክ እጥረት በቀር ምንም ያልኾነ መኪና በአንድ ጊዜ አራትና አምስት የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ስለዚህ ደካማ ባትሪ የያዘ መኪና ላይ ሌላ ምርመራ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ባትሪው ይሞላ ወይም ይቀየር።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት። ከዚያ በታች ከኾነ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ ይመረመራል። ከ15 ቮልት ካለፈ ደግሞ ሬጉላተሩ ተበላሽቷልና መኪናው ሳይነዳ መጠገን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ልማድ ሊወገዝ ይገባል። ዲናሞው እየሠራ መኾኑን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ማየት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ኮምፒውተር ባልነበራቸው መኪኖች ላይ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ሊኾን ይችላል። ባትሪው የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚያለዝብ ትራስ ነው፤ እርሱ በድንገት ሲነቀል ዲናሞው ለአፍታ እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይለቅቃል፤ ያም የሞተሩንና የፍሬኑን ኮምፒውተሮች በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። በአንድ ቴስተር የሚገኘውን መልስ በዚህ መንገድ መፈለግ ትርፍ የሌለው ድፍረት ነው።

ባትሪውና ዲናሞው ደኅና ከኾኑ ዓይን መጣል ያለበት ግራውንድ ላይ ነው። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን በመኪናው ብረት አካል በኩል ነው። ሞተሩ ንዝረቱ እንዳይሰማ በጎማ ላይ የተቀመጠ በመኾኑ ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። መብራቶቹ፣ ኮምፒውተሮቹና ፓምፖቹም በየጥጉ በብሎን ከታሰሩ ቡናማ ሽቦዎች ጋር ይገናኛሉ፤ በጀርመን መኪኖች ቡናማ የግራውንድ ቀለም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርጥበት ያገኛቸው እነዚህ ብሎኖች ከላይ ሲታዩ ደኅና መስለው ከሥር ግን ዝገት ይይዛሉ።

የግራውንድ ችግር ምልክቱ ያደናግራል። ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ የነዳጅ መለኪያው መርፌ ይዘላል፤ መስኮት ሲወርድ ራዲዮው ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት በሌላ መሣሪያ በኩል አቋርጦ ለመመለስ ስለሚሞክር ነው። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ነገሮች አብረው ሲታወኩ የታየበት መኪና የጋራ ግራውንዳቸው መፈለግ አለበት።

ለዚህም የሚበጀው መለኪያ በሥራ ላይ እያለ የሚወሰድ ቮልቴጅ ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይደረግና ሞተሩ ሲነሣ ይነበባል። ከ0.2 ቮልት ብዙ ያልበለጠ ከታየ መንገዱ ንጹሕ ነው። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከታየ በመካከል የሚከለክል ነገር አለ። ያው ሥራ ከሞተሩ ወደ አካሉ፣ ከአካሉ ወደ መብራቱ መሠረት እየተደገመ ሲሄድ ጥፋቱ ያለበት ብሎን ራሱን ያጋልጣል። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ መልሶ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ዝገት የሚከላከል ቅባት ይቀባል። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ሽቦውን ሲለኩ ነው። ሰላሳ ክሮች ያሉት ሽቦ ሃያ ዘጠኙ ተበጥሰው አንዱ ብቻ ቢቀር ቴስተሩ «ደኅና ነው» ይላል፤ ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነውና። የ0.05 ኦም እንቅፋት በተራ ቴስተር ፈጽሞ አይታይም። አንድ አምፔር በሚስብ አምፖል መንገድ ላይ የሚያስቀረው 0.05 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሪኖ 200 አምፔር ልሳብ ሲል ግን ያው እንቅፋት 10 ቮልት ይውጣል። መብራቱ ደምቆ በርቶ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚለው ስለዚህ ነው። ሽቦ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው።

ቀጥሎ ፊውዝ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ አር 129 መኪኖች የሚጠቀሙት ጫፋቸው የሾለ፣ በሴራሚክ ዘንግ ላይ ቀጭን ብረት የተዘረጋባቸው የድሮ የጀርመን ፊውዞች ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። እነዚህ ፊውዞች ሳይቃጠሉም ይበላሻሉ። ጫፋቸው ከያዛቸው ምላስ ጋር በሚነካካበት ቦታ ዝገት ይፈጠራል፤ በተለይ ብረታቸው አሉሚኒየም ከኾነ። ፊውዙ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም ወይም ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። በጣት ሲሽከረከር የሞተው መሣሪያ ድንገት ቢነሣ ምሥጢሩ ያ ነው። የፊውዞቹን መያዣ ምላሶች ማጽዳትና ፊውዞቹን ሁሉ መዳብ ባላቸው አዳዲሶች መቀየር በዚህ ዕድሜ ላለ መኪና የመጀመሪያው ርካሽ እርምጃ ቢኾን ያዋጣል።

በዚህ መኪና ላይ ከፊውዙ ሳጥን ውጭ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ኮምፒውተሮቹን እንዳይጎዳ የሚከላከለው ሪሌ ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የወጡት ሞዴሎች ላይ ለፍሬኑና ለሞተሩ ኮምፒውተሮች ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚሁ ሪሌ ነው፤ አናቱ ላይም የራሱ 10 አምፔር ፊውዝ አለው። በውስጡ ያለው የስታኞ ብየዳ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የፍሬን መብራት ይበራል፤ ሞተሩ በቆመበት ይንገዳገዳል፤ አንዳንዴም አልነሣም ይላል። በመግቢያው ላይ የተገለጸው መኪና ምልክቶች ከዚህ ሪሌ ብልሽት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አንባቢው ሳያስተውል አልቀረም። አናቱ ላይ ያለው ፊውዝ ብቻ ተቃጥሎ ከኾነ ወጪው የአንድ ፊውዝ ዋጋ ነው። ሪሌው ራሱ ቢቀየርም ከኮምፒውተር ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

የዚህ መኪና ትልቁ የእርጅና ጣጣ ግን የሞተሩ ሽቦ ጥቅል ነው። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በተለይ ከ1992 እስከ 1995 ገደማ፣ ኩባንያው በበርካታ ሞዴሎቹ ላይ ለሞተር ሽቦዎች የተጠቀመው ልባስ ሙቀትን ለረጅም ጊዜ መቋቋም አልቻለም። ልባሱ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰነጠቅና ተቀርፎ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው መዳብ ራቁቱን ይቀራል። ጉዳቱ በአር 129 ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በእነዚያው ዓመታት የወጡ ደብልዩ 124 እና ደብልዩ 140 የተሰኙት የኩባንያው የቤት መኪኖችም አለባቸው።

ራቁታቸውን የቀሩ ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ የሚኾነው ነገር ዕጣ እንደመጣል ነው። አንድ ሲሊንደር መሥራቱን ያቆማል፤ ነዳጅ ከልክ በላይ ይፈስሳል፤ ሞተሩ በንዝረት አንዴ ይጠፋል አንዴ ይነሣል። ክፉው ነገር ግን ኤሌክትሪክ ወደማይገባበት የኮምፒውተር በር ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ እውነትም ይቃጠላል። አዲስ ኮምፒውተር ገጥሞ አሮጌውን የሽቦ ጥቅል የተወ ሰው አዲሱንም ለዚያው እሳት ዳረገው ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ እጅ ግን መክበድ የለበትም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ ከሞተሩ በላይ ካለ ሶኬት ጥግ መከላከያው ላስቲክ በጥንቃቄ ወደ ኋላ ይሳባል። ሽቦው ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ልባሱ እንደ ላስቲክ ከታጠፈ ደኅና ነው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ፍርፋሪ ከወደቀ ጥቅሉ ዕድሜውን ጨርሷል። የነዳጅ መስጫውን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ሽቦም በብዙዎቹ ላይ ተመሳሳይ ልባስ ስላለው አብሮ ይታያል። የተቀረፈውን በቴፕ መጠቅለል መፍትሔ አይኾንም፤ ዛሬ የተጠቀለለው ሽቦ ነገ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ይቀረፋል። ሙሉ ጥቅሉ መቀየር ወይም ሙቀት በሚችል ሽቦ እንደገና መሠራት አለበት። ውድ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ ቁጠባ የማይመከርበትም እርሱ ነው።

የብልሽት ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ያላቸው ጋራዦች ሥራውን ከዚያ ይጀምራሉ። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ኮዱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በየትኛው መሥመር ላይ ያልጠበቀውን ልኬት እንዳየ ነው እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይደለም። «የአየር መለኪያ» የሚል ኮድ ከመለኪያው፣ ከሽቦው፣ ከሶኬቱ ወይም ከግራውንዱ ሊመጣ ይችላል። ኮዱ ተመዝግቦ፣ ተሰርዞ፣ መኪናው ተነድቶ የትኛው እንደተመለሰ ማየት ይገባል። ከዓመታት በፊት የተከማቹ ኮዶች ብዙ ሰው አሳስተዋል።

የጣራው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ጣራው 15 የሃይድሮሊክ ሲሊንደሮችና እንቅስቃሴውን የሚከታተሉ 17 ማብሪያዎች አሉት። አንዱ ማብሪያ «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት ካልሰጠ መሣሪያው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ጣራው መሐል ላይ ሲቆም ፓምፑን ከመወንጀል በፊት የባትሪው ቮልት፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱ ልክ፣ የኋላ ሣጥኑ በትክክል መዘጋቱና የማብሪያዎቹ ሶኬቶች ይታያሉ። ከፊት መስተዋት በላይ ዘይት መንጠባጠብ ከጀመረ ግን ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ የሲሊንደሮቹ ላስቲክ አልቋል። የማዕከላዊ ቁልፉም እንዲሁ የሚሠራው በአየር ፓምፕ ነው፤ አንዲት የተሰነጠቀች ቀጭን ቱቦ በሮቹ እንዳይቆለፉ ታደርጋለች፤ ሰው ግን ሽቦ ሲፈልግ ይውላል።

በመቀመጫዎቹ አካባቢ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ባትሪውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃዎች መታገሥ አለበት። የአየር ከረጢቱ በሚያልፍበት ሽቦ ላይ አምፖል ያለው መፈተሻ ማስነካት ከረጢቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ከጀርባ ያለው የብረት ቅስትም ሳይታሰብ ቢነሣ እጅ ወይም ፊት ሊሰብር በሚችል ኃይል ነው የሚነሣው። ባትሪው ከመነቀሉ በፊት የራዲዮው የምሥጢር ቁጥር መኖሩ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ራዲዮው ዝም ብሎ ይቀራል።

ቆሞ የሚያድር መኪና ባትሪ የሚጨርስ ከኾነ የሚለካው ሁሉም ነገር ጠፍቶ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ ነው። አምፔር መለኪያው በኔጌቲቩ ተርሚናልና በገመዱ መካከል ይገባል፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከ50 ሚሊአምፔር ያልበለጠ ፍሰት ጤናማ ነው። መለኪያው እንደገባ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያቃጥላል። በኋላ ሣጥን ውስጥ ሳትጠፋ የምታድር ባለ 5 ዋት አምፖል በ24 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ያህል ትበላለች፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአምስት ቀን ይጋመሳል። ፍሰቱ በየትኛው መሥመር እንደሚሄድ ለማወቅ ፊውዝ መንቀል የግድ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ፊውዝ ሁለት ጫፎች መካከል ሚሊቮልት ሲለካ ንባብ ያለበት ፊውዝ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነው። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚገኘው ጥፋተኛ ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ማንቂያ ደወል ወይም የሙዚቃ ማጉያ ነው።

ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ውኃና አይጥ። ከፊት መስተዋቱ ሥር ያሉት የውኃ መውረጃዎች በቅጠል ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ሽቦዎቹና ወደ ኮምፒውተሮቹ ይፈስሳል። አይጥ ደግሞ የሽቦ ልባስ ትቆረጥማለች፤ በእህል ጎተራ አጠገብ የቆመ ትራክተር ያለው ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል በትልቅ አምፔር መተካት ወይም በሽቦ ክርና በሲጋራ ወረቀት ብር ማገናኘት መኪናን በእሳት ያስበላል። ፊውዙ የሚጠብቀው መሣሪያውን ሳይኾን ሽቦውን ነው፤ 8 አምፔር በሚችል ሽቦ ላይ 25 አምፔር የሚችል ፊውዝ ሲገባ ከፊውዙ በፊት የሚቀልጠው ሽቦው ይኾናል፤ እርሱም የሚያልፈው ከምንጣፍና ከነዳጅ ቱቦ አጠገብ ነው። የሽቦ ሽታ የሸተተበት መኪና ወዲያው ቆሞ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

ከእነዚያ ዓመታት መኪኖች አንዱን ለመግዛት ያሰበ ሰው ከቀለሙና ከቆዳ መቀመጫው በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ሽቦ ጥቅል ይይ። ጥቅሉ ላይ የተመረተበት ቀን የታተመበት መለያ ወረቀት ይኖራል። ቀኑ ከመኪናው ምርት ብዙ ዓመት የዘገየ ከኾነ ጥቅሉ ተቀይሯል። ቀኑ ከመኪናው ጋር እኩል ከኾነና ሻጩ የለውጥ ደረሰኝ ከሌለው፣ የአዲስ ጥቅል ዋጋና የሥራው ክፍያ ከመሸጫው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ድርድሩ ይጀመራል።